ለልጄ ያስተማርኳት ወጥመድ

የአንባቢ ደብዳቤ

የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የ44 ዓመት ሰው ስሆን፣ በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ ቤተሰቤን አስተዳድራለሁ። ከሥራ ስወጣ በሰፈራችን ባለች አንዲት ቡና ቤት ከጓደኞቼ ጋር ቼዝ መጫወት የቆየ ልማዴ ነው። የ12 ዓመት ልጄም ቅዳሜ ቅዳሜ አጠገቤ ቁጭ ብላ እያየች ጨዋታውን ስለወደደችው፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ማታ ማታ እኔው ራሴ አስተምራት ጀመር።

ካሳየኋት ሁሉ አብልጣ የወደደችው እንግሉንድ ጋምቢት የሚባለውን አከፋፈት ነው። ነጭ በንግሥቲቱ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ሲገፋ፣ ጥቁር በንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ገፍቶ በነጻ ያስበላዋል፤ ቀጥሎ ንግሥቲቱ ትወጣና ተጋጣሚው አንዲት ስሕተት ከሠራ በ8ኛው እርምጃ ቼክሜት ይሆናል፤ ንጉሡ መውጫ አጥቶ ጨዋታው ያበቃል። በቡና ቤታችን በዚህ ወጥመድ ያልወደቀ ሰው ጥቂት ነው። ልጄም በክፍል ጓደኞቿ ላይ እየሞከረችው ባሸነፈች ቁጥር እየሮጠች መጥታ ትነግረኝ ነበር።

ባለፈው ወር በትምህርት ቤቶች መካከል በተካሄደ ውድድር የመጀመሪያዎቹን 4 ጨዋታዎች አሸነፈች። በ5ኛውና በመጨረሻው ዙር እኩል ብትወጣ እንኳ አንደኛ ትሆን ነበር። ጥቁር ደረሳትና የለመደችውን ተጫወተች። ተጋጣሚዋ የእሷው እኩያ ስትሆን፣ ወጥመዱ አፍ ላይ ስትደርስ ጳጳሱን በማንቀሳቀስ ፈንታ ፈረሷን አወጣች። ልጄ በ17ኛው እርምጃ ተሸነፈች። ለእያንዳንዳቸው ከተሰጣቸው 45 ደቂቃ ውስጥ የእኔ ልጅ የተጠቀመችው 6ቱን ብቻ ነበር። ሲጨባበጡ ያቺ ልጅ ያለ ምንም ክፋት «ይሄን አሠልጣኛችን አሳይቶናል፤ ጥሩ አከፋፈት አይደለም እኮ» አለቻት።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ ታክሲ ውስጥ፣ «አባዬ፣ ጥሩ እንዳልሆነ ታውቅ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። «ኧረ አላውቅም ነበር» አልኳት። አውቅ ነበር። ከ2 ዓመት በፊት አንድ ጓደኛዬ ስልኩ ላይ ባለው የቼዝ ፕሮግራም ማምለጫውን አሳይቶኛል፤ ከዚያ ወዲህ እሱን በዚህ አከፋፈት አሸንፌው አላውቅም። ቤት ስንደርስ እናቷ ፊቷን አይታ «ምን ሆነች?» ብትል፣ ልጄ እኔን ቀድማ «አባዬም አያውቅም ነበር፤ እሱ ምን ያድርግ» አለች። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የቼዝ ሰሌዳው ቁም ሣጥን ላይ ነው። የትምህርት ቤቷ የቼዝ ክበብ መምህር በሚቀጥለው ወር ለሚደረግ የቡድን ግጥሚያ ይፈልጋታል፤ እሷ ግን «አልጫወትም» ትላለች። ባለቤቴ «ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች፤ አንተም ነገሩን አታንሣው» ትለኛለች። እውነቱን ልንገራት ወይስ ልተወው? እንድትጫወት ልጎትጉታት ወይስ ዝም ልበል? እርምጃዎቿን የጻፈችበት የጨዋታ መመዝገቢያ ወረቀት እንኳ ከጠረጴዛው ላይ አንሥቼ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከትቼው እስካሁን እዚያው አለ።

የጨነቀኝ አባት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ውድ ወንድሜ፣

ከደብዳቤዎ ውስጥ ደጋግሜ የተመለስኩባት ቃል «ኧረ» የምትለዋ ናት። «አላውቅም ነበር» ቢሉ ይበቃ ነበር፤ እርስዎ ግን «ኧረ» ብለው ጀመሩ። ይህች ቃል ሰው ባልተዘጋጀበት ጥያቄ ሲያዝ ከአፉ የምታመልጥ ናትና፣ አስበውና አቅደው እንዳልዋሹ፣ ደንግጠው እንደሸሹ ትነግረኛለች። በጠባብ የታክሲ ወንበር ላይ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ፣ ገና ተሸንፋ የወጣች ልጅ ዓይን ዓይንዎን እያየች ስትጠይቅ መሸሽ የሚያስደንቅ አይደለም። የሚከብደው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፤ ልጅዎ ያንን መልስ ተቀብላ ቤት ገባች፣ እናቷም ዘንድ ሄዳ ለእርስዎ ጠበቃ ሆነችበት። በአንድ ቀን መሸነፏ አንሶ አባቷ እንዳይወቀስ መከላከልም የእሷ ሥራ ሆነ ማለት ነው። እንቅልፍ የነሣዎትም ሽንፈቱ ሳይሆን ይህ ይመስለኛል፤ ተሳስቼ ከሆነ ያርሙኝ።

ወደ ምክሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ጨዋታው ራሱ ጥቂት ላንሣ፤ ምክንያቱም በደብዳቤዎ ውስጥ ጋምቢቱን እንደ ወንጀል፣ እርስዎንም እንደ ወንጀለኛ አድርገው የሣሉበት መንገድ ልክ አይመስለኝም። «ጋምቢት» የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የተወሰደ ሲሆን መነሻው እግር ጠልፎ ከመጣል ጋር የተያያዘ ነው፤ ለቼዝ አከፋፈት የተጠቀመበትም ሩይ ሎፔዝ የተባለው ስፔናዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1561 ነው። ስለዚህ ተንኮሉ በስሙ ውስጥ አለ፤ የደበቀው ነገር የለም። እንግሉንድ ጋምቢትም ቢሆን ስሙን ያገኘው ፍሪትዝ እንግሉንድ ከተባለ ስዊድናዊ ነው፤ ሰውዬው አከፋፈቱን ከመውደዱ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1932 ጨዋታዎቹ ሁሉ ከዚሁ እንዲጀምሩ የተደረገበትን ውድድር በገንዘቡ ደግፏል። እርስዎና የቡና ቤት ጓደኞችዎ የወደዳችሁትን ነገር ከእናንተ በፊት በቁም ነገር የወደዱት ነበሩ ማለት ነው።

ቢሆንም ጋምቢት ሁሉ አንድ አይደለም። በንግሥት ጋምቢት ነጭ የሚሰጠውን ወታደር ጥቁር ወስዶ ይዞት ልቆይ ቢል ይቸገራል፤ ስለዚህ የተሰጠው ነገር ተሰጥቷል ለማለት እንኳ ያስቸግራል፣ ነጭም ምንም ሳይጎዳ ይጫወታል። እንግሉንድ የሚቆመው ግን ተጋጣሚው ባለማወቁ ላይ ነው። ልጅዎ የተጫወተችውን ሰሌዳዬ ላይ ደርድሬ አየሁት (የሰሌዳውን ቤቶች እንደ ልማዱ በፊደልና በቁጥር እጠራቸዋለሁ)። የጥቁር ንግሥት ወጥታ ቢ2 ላይ ያለውን ወታደር ስትበላ፣ ነጭ «በጳጳሴ ላባርራት» ብሎ ወደ ሲ3 ካመጣው አለቀለት፤ ጥቁር ጳጳሱን ቢ4 ላይ ያስቀምጣል፣ ሲ3 ላይ ጠጠር ይለዋወጣሉ፣ ንግሥቲቱም ሲ1 ላይ ወርዳ ትዘጋዋለች። ነጭ በዚያው ቤት ላይ ፈረሱን ካወጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጥቁር ጳጳሱን ቢ4 ላይ ቢያመጣ ነጭ ግንቡን ወደ ቢ1 ያመጣል፣ ንግሥቲቱ ወደ ኤ3 ትሸሻለች፤ ግንቡ ቢ3 ድረስ ይከተላታል፣ ወደ ኤ5 ትሸሻለች። እዚያ ቦታ ላይ ቆም ብለው ይቁጠሩ፤ ጥቁር ከተጫወታቸው 8 እርምጃዎች ውስጥ 5ቱ የንግሥቲቱ ናቸው። ነጭ በበኩሉ ሁለት ፈረስ፣ አንድ ጳጳስና አንድ ግንብ አሰልፏል። የወታደሮቹ ቁጥር ደግሞ እኩል ነው፤ ልጅ ቀርቶ አዋቂም ቢሆን «የሰጠሁትን ወታደር መልሻለሁ፣ ምን ጎደለብኝ?» ብሎ ሊዘናጋ የሚችለው ለዚህ ነው። የጎደለው ጊዜ ነው፤ ጊዜ ደግሞ ሰሌዳ ላይ አይቆጠርም።

እርስዎ ይህን ከ2 ዓመት በፊት አይተውታል። ታዲያ በቡና ቤት መጫወቱን ለምን ቀጠሉ ብዬ አልጠይቅዎትም፤ መልሱን አውቀዋለሁና። እኔም በዩኒቨርሲቲ ዘመኔ እንዲህ ያለ አንድ አከፋፈት ነበረኝ፤ ደጋግሞ ባዋረደኝ በአንድ ሰው ፊት ካልሆነ በቀር አልተውኩትም ነበር። በቡና ቤት የሚሸነፍ ሰው ሒሳቡን ከፍሎ፣ ተስቆበት፣ ነገ ይመለሳል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እየተባለ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው፤ ሁለቱም ወገን ደንቡን ያውቃል። ልጅዎ ግን ይህን ደንብ አላወቀችም። እሷ የተቀበለችው አባቷ የሰጣትን ምርጥ ነገር ነው፤ ወጥመድ መሆኑን ብታውቅም መውጫ እንዳለው፣ መውጫውም በብዙ ሰው ዘንድ የታወቀ መሆኑን ማንም አልነገራትም። እርስዎ እያወቁ ይወራረዱበት የነበረውን እሷ ሳታውቅ ተወራረደችበት።

አንድ ነገር ደግሞ ከጻፉልኝ ቁጥሮች ውስጥ ዓይኔን ያዘው፤ 6 ደቂቃ። ልጅዎ 39 ደቂቃ በእጇ ይዛ ተሸንፋለች። ይህ የጋምቢቱን ያህል፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ የተሸነፈችበት ምክንያት ይመስለኛል። በቃሏ የያዘችው መንገድ በፍጥነት የሚኬድ ነበረ፤ በክፍል ጓደኞቿ ላይም ሁልጊዜ በፍጥነት ሠርቶላታል። ፈረሱ ብቅ ሲል መንገዱ ተቆረጠ፣ እጇ ግን በለመደው ፍጥነት ቀጠለ። ኤ5 ላይ ከደረሰች በኋላ እንኳ ጨዋታው ከባድ ይሆናል እንጂ በዚያው አላለቀም ነበር፤ ቁጭ ብላ አሥር ደቂቃ ብታስብ ምን ታገኝ እንደነበር እኔም እርስዎም አናውቅም። በአባቶቻችን ሰንጠረዥ፣ በጥንቱ የአገራችን ቼዝ፣ ጨዋታው የሚጀምረው «ወረራ» በሚባለው ክፍል ነበር፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ። ለእኔ የዚያ ደንብ ውበቱ ዓይንህን ከተጋጣሚህ ሰልፍ ላይ እንዳትነቅል ማስገደዱ ነው፤ እሱ ያንን ሲያዛውር አንተ ይህን ታዛውራለህ። ልጅዎ ደግሞ ሳታይ መሄድን ተማረች። ይህን የምጽፍልዎ እንዲጸጸቱ ፈልጌ አይደለም፤ ወደፊት ከእሷ ጋር ከሰሌዳ ፊት ስትቀመጡ ምን ላይ ብትቆዩ እንደሚሻል እንዲያስቡበት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ይንገሯት። ባለቤትዎ ያሉትን አቃልዬ አይደለም፤ ልጅ ሽንፈትን እንደምትረሳ እሳቸው ያውቃሉ፣ በዚህም ልክ ናቸው። ነገር ግን እሳቸው የሚያውቁት ሽንፈቱን ብቻ ይመስለኛል። የታክሲውን ጥያቄና መልስ ነግረዋቸዋል? ካልነገሯቸው ከሁሉ አስቀድመው እሳቸውን ያናግሩ፤ ምክራቸው ሊለወጥ ይችላል። ባይለወጥም እንኳ ልጅቱ ተቆጥታ ወይም አልቅሳ ወደ እናቷ ስትሄድ እናት ጉዳዩን ከእሷ አፍ ለመጀመሪያ ጊዜ መስማት የለባቸውም።

ፈጥነው ይንገሯት የምለው ለሕሊናዎ ሲባል ብቻ አይደለም፤ ነገሩ ተደብቆ የሚቆይም ስላልሆነ ነው። ለእርስዎ የታየው ማምለጫ ዛሬ በማንኛውም ስልክ ላይ በነጻ በሚጫን የቼዝ ፕሮግራም በአንድ ቅጽበት ይገኛል። ከዚህም በላይ ያሳየዎት ጓደኛዎ ልጅዎ ቅዳሜ ቅዳሜ አብራዎ የምትቀመጥበት ቡና ቤት ደንበኛ ነው ብዬ እገምታለሁ። አንድ ቀን «ይቺን ነገር እኮ ለአባትሽ ድሮ አሳይቼዋለሁ» ቢላት ምን እንደሚሆን ያስቡት። ከጓደኛዎ አፍ የምትሰማውና ከእርስዎ አፍ የምትሰማው ቃል አንድ ቢሆንም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እንዴት ልንገራት ቢሉኝ፣ አጭር ያድርጉት። ሌላ ሰው በሌለበት፣ ሁለታችሁ ብቻ በምትሆኑበት ሰዓት፣ ምናልባትም ወደ ሱቅ አብራችሁ ስትሄዱ፣ ጎን ለጎን እየተራመዳችሁ ቢሆን ይቀላል፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚነገር ነገር ልጅን እንደ ፍርድ ቤት ያስጨንቃታል። «ታክሲ ውስጥ ጥሩ እንዳልሆነ ታውቅ ነበር ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ አላውቅም ነበር አልኩሽ። አውቅ ነበር። ደንግጬ ዋሸሁሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ» ማለት ይበቃል። ከዚህ በኋላ ዝም ማለቱ ከባድ ነው፤ አባት ነዎትና ወዲያው ማስረዳት ይፈልጋሉ፤ «እኔ እኮ እንዲህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም፣ ብዙ ሰው አያውቀውም ብዬ ነው፣ አንቺም ስለወደድሽው ነው» የሚለው ሁሉ ምላስዎ ጫፍ ላይ ይመጣል። እውነትም ቢሆን ይዋጡት። በተለይ «ስለወደድሽው ነው» የሚለው ጥፋቱን መልሶ እሷ ላይ ይጥላል። ከጠየቀችዎ ግን የጠየቀችውን ያህል ይመልሱላት፤ ሳትጠይቅ አይጨምሩ። «ይቅር ብያለሁ» እንድትልም አይጠብቁ። እናቷ ፊት ጠበቃ የሆነችልዎ ልጅ አሁን ደግሞ አጽናኝ እንድትሆንልዎ መጠበቅ ሸክሙን በሌላ መልክ መመለስ ይሆናል።

ምን እንደምትል አስቀድሜ ልነግርዎ አልችልም። ልትቆጣ ትችላለች፤ ትቆጣ። ለጥቂት ቀናት አጭር አጭር መልስ ልትሰጥዎ ትችላለች። ወይም ደግሞ «አውቄያለሁ» ልትልዎ ትችላለች፤ የ12 ዓመት ልጅ የአባቷን «ኧረ» ከእኛ ይልቅ በደንብ ትለያለችና፣ ለእናቷ የተናገረችውም ምናልባት አምናዎት ሳይሆን አዝናልዎት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ካለችዎ አይደንግጡ፣ አይካዱ። «እና ለምን ለእማዬ እንደዚያ አልሻት?» ብለውም አይጠይቋት።

በዚያው ቀን ሰሌዳውን ከቁም ሣጥኑ ላይ እንዳያወርዱት እለምንዎታለሁ። ይቅርታና ትምህርት በአንድ ሰዓት ከመጡ ይቅርታው የትምህርቱ መግቢያ ይመስላል። ቀናት ካለፉ በኋላ፣ ከተቻለም እሷው ስታነሣው፣ አንድ ነገር ይሞክሩ፤ ያንኑ አከፋፈት እሷ ነጭ ሆና እርስዎ ጥቁር ሆነው ይጫወቱት። ንግሥትዎ ቢ2 ላይ ስትደርስ እጅዎን አጣጥፈው ይጠብቁ። ማምለጫውን አይንገሯት፤ ታስብ፣ እንደፈለገች ትቆይ። ፈረሱን ራሷ አንሥታ ሲ3 ላይ ስታስቀምጥ እጇን ይመልከቱ። ከዚያ ይሽሹ፤ ወደ ኤ3፣ ወደ ኤ5። የአባቷ ንግሥት በግንቧ ስትባረር የምታይበት ጨዋታ ሳያስቃት አይቀርም። «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» የሚለውን ተረት ከጥቁሩ ወገን ሆነው ያኔ ቢተርቱላት ይገባዎታል።

ጋምቢቱን ልከልክላት ወይ ብለው በቀጥታ ባይጠይቁኝም ጥያቄው ከጽሑፍዎ ጀርባ አለ። አይከልክሏት። እ.ኤ.አ. በ1960 አርጀንቲና ውስጥ፣ ማር ዴል ፕላታ ላይ፣ ኋላ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር፣ በ17 ዓመቱ፣ በሶቪየቱ ቦሪስ ስፓስኪ የንጉሥ ጋምቢት (ነጭ ከንጉሡ ወታደር ጎን ያለውን ወታደር በሚሰጥበት አከፋፈት) ተሸነፈ። በዓመቱ፣ በ1961፣ ያንን ጋምቢት ጥቁር በትክክል ከተጫወተ ነጭ ይሸነፋል የሚል ጽሑፍ አሳተመ። ከዚያ ምን አደረገ? በ1963 በአሜሪካ ሻምፒዮና ላይ ራሱ ነጭ ሆኖ፣ በሌላ ቅርንጫፉ በኩል፣ የንጉሥ ጋምቢትን በላሪ ኢቫንስ ላይ ተጫወተና አሸነፈ። ታሪኩን የማነሣልዎ ልጅዎን ከፊሸር ጋር ለማወዳደር አይደለም፤ ደግሞም እሱ የተሸነፈው ጋምቢት ተጫውቶ ሳይሆን ጋምቢት ተጫውተውበት ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ያቃጠለውን አከፋፈት በሚገባ መርምሮ ሲያበቃ እንደገና በራሱ ፈቃድ ሊመለስበት ይችላል። ልጅዎም ማምለጫውን እያወቀች፣ ከክፍል ጓደኛዋ ጋር በእረፍት ሰዓት፣ «ያውቅበት እንደሆነ ልየው» ብላ እንግሉንድን ብትጫወት ምን ክፋት አለው? በውድድር የመጨረሻ ዙር ላይ ግን ምን እንደምትጫወት የምትመርጠው እያወቀች ይሁን።

የወደደችው መስጠቱን፣ ማስደንገጡን ከሆነ (ይህን እርስዎ ሊጠይቋት ይገባል፤ ማሸነፉን ነው የወደድሽው ወይስ ወታደሩን መስጠቱን?) ተመሳሳይ ስሜት ያለውና የማያዋርድ ነገር አለ። ቡዳፔስት ጋምቢት ይባላል። ነጭ የንግሥቲቱን ወታደር ሲገፋ ጥቁር በቅድሚያ የንጉሡን ፈረስ ያወጣል፣ ነጭ የሲ ወታደሩን ሁለት ቤት ሲገፋ ያኔ ነው ወታደሩን ኢ5 ላይ የሚሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1918 በርሊን ውስጥ ሚላን ቪድማር ታላቁን አኪባ ሩቢንሽታይንን ያሸነፈው በዚህ ነው። ወጥመድም አለው፤ ነጭ ቢ4 ላይ የቆመውን ጳጳስ በወታደር ልብላ ካለ የጥቁር ፈረስ ዲ3 ላይ ዘሎ በመግባት ንጉሡን በገዛ ሠራዊቱ መካከል አፍኖ ቼክሜት ያደርገዋል፤ ኢ2 ላይ ያለው ወታደር ፈረሱን እንዳይበላ ከኋላው ንጉሡ፣ ከፊቱ የጥቁር ንግሥት ይዘውታል። ልጅዎ ይህን ስታይ እንደምትስቅ አልጠራጠርም። ልዩነቱ የሚታየው ነጭ ወጥመዱን አይቶ ባልወደቀ ጊዜ ነው፤ ጥቁር ወታደሩን መልሷል፣ ጠጠሮቹም ወጥተዋል፣ ነጭ ጥቂት ቢሻለውም ጥቁር በሰላም ይጫወታል። እርግጥ ነጭ የሲ ወታደሩን ካልገፋ ቡዳፔስት የሚባል ነገር የለም፤ ስለዚህ የንግሥቲቱን ወታደር በወታደር ፊት ለፊት የሚያቆመውን ተራውን፣ አሰልቺ የሚመስለውን መልስም አብራ መያዝ አለባት። ይህን ግን እርስዎ ባያስተምሯት ይሻላል እላለሁ። የክበቡ መምህር አለ አይደል? ለአንድ ልጅ አባቷ ብቸኛ የቼዝ አስተማሪዋ ሲሆን እያንዳንዱ ሽንፈት የቤት ጉዳይ ይሆናል። መምህሩ ያስተምራት፣ እርስዎ ይጫወቱላት።

የቡድኑን ግጥሚያ በተመለከተ አይጎትጉቷት፤ ዝምም አይበሉ። መምህሩን ሄደው ያነጋግሩና መልስ የሚፈልግበትን ቀን ይጠይቁት። ያንን ቀን ለልጅዎ አንድ ጊዜ ብቻ ይንገሯት፤ ምርጫው የእሷ እንደሆነ፣ «አልጫወትም» ብትል ለመምህሩ የምትነግረውም እሷው እንደሆነች ያሳውቋት። ከዚያ በመካከሉ አያንሡት። አሁን «አልጫወትም» የምትለው ቼዝን ጠልታ፣ ሽንፈቱን ፈርታ ወይም ከተጫወተች ያ የታክሲ ነገር እንደገና ይነሣል ብላ ይሆን እርስዎም አያውቁም፤ ሦስተኛው ከሆነ፣ ከይቅርታዎ በኋላ መልሷ ሊለወጥ ይችላል። ካልተለወጠም በአንድ ወር ግጥሚያ ላይ አለመሰለፍ ልጅን አይጎዳትም።

ለእርስዎም አንድ ጥያቄ ልተውልዎ። ሌላ ብዙ አከፋፈት እያለ ለልጅዎ በ8 እርምጃ የሚያልቀውን የመረጡት ለምን ይመስልዎታል? ደብዳቤዎ ውስጥ «እየሮጠች መጥታ ትነግረኝ ነበር» የሚል አለ። ከሥራ ደክሞ የገባ አባት፣ ማታ አንድ ሰዓት ብቻ ያለው አባት፣ ያንን ሩጫ ቶሎ ማየት ቢፈልግ እረዳዋለሁ። መልሱን ለእኔ መጻፍ አያስፈልግዎትም።

ያ የመመዝገቢያ ወረቀት ግን ከኮትዎ ኪስ ይውጣ። ለምን እንዳነሡት አልጻፉልኝም፤ እንዳታየው ብለው ይሆናል፣ ማንም እንዳያየው ብለው ይሆናል። 17ቱም እርምጃዎች በልጅዎ እጅ የተጻፉ ናቸው፣ ወረቀቱም የእሷ ነው። እውነቱን የነገሯት ቀን ማታ፣ ምንም ሳይሉ፣ ደብተሯ ላይ ያስቀምጡላት። ልትቀደው ትችላለች፤ ልታስቀምጠውም ትችላለች።